ቁልፉን ማን ጠየቀህ

ደብረ ብርሃን፣ በየካቲት፣ ነፋሻማ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፤ የወንዶች እድር ዳኛው ደምሰው የእድሩን ዕቃ ቤት ሁለት ቁልፎች ጨብጦ በረንዳው ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል፤ ታላቅ እህቱ ይመኙሻል፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሳታንኳኳ የግቢውን በር ገፍታ ገብታለች።

ደምሰው፦ አልሰጥም ብያለሁ፣ አልሰጥም። እዚያው በሩ ላይ ሳለሽ ነው የምነግርሽ፣ እግርሽን በከንቱ እንዳታደክሚ።

ይመኙሻል፦ ምኑን ነው የማትሰጠው?

ደምሰው፦ ቁልፉን ነዋ። ድንኳኑን ልታስወጪ አይደል የመጣሽው?

ይመኙሻል፦ ቁልፉን ማን ጠየቀህ? እኔ የመጣሁት አንተን ልወስድ ነው። እማማ አፀደ ሌሊቱን ሲነጋጋ አርፈዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተነስና ጋቢህን ልበስ፣ ለቅሶ እንሂድ።

ደምሰው፦ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።

ይመኙሻል፦ ነፍስ ይማር በረንዳ ላይ ተጎልቶ አይባልም። እዚያው ሄደህ በል።

ደምሰው፦ ሄጄ የት ልቀመጥ? ድንኳን የለ፣ አግዳሚ የለ። ልጃቸው አንዳርጌ ከእድር ተሰርዟል። የተሰረዘ ሰው ደጅ የእድር ድንኳን አይተከልም። እኔ ያመጣሁት አይደለም፣ ደንቡ ነው። አንቀጽ አሥራ ሁለት።

ይመኙሻል፦ አንቀጽ አሥራ ሁለት እማማ አፀደን ያውቃቸዋል?

ደምሰው፦ ደንብ ሰው አያውቅም። ሰው እንዳያውቅ ነው የተጻፈው። ዛሬ ለአንዱ ብጥስ ነገ ለሁሉም ልጥስ ነው። ሦስት ቀብር ቀረ፣ ያለ በቂ ምክንያት። ማስጠንቀቂያ ጻፍንለት፣ መልስ የለም። ጉባኤ ጠራን፣ አልመጣም። እጅ አስወጣን፤ ሠላሳ አንድ ለአራት። ጸሐፊው ደብዳቤውን ጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት፣ እቤቱ ድረስ ተላከለት። ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት? ይኼኔ በእናንተ በሴቶቹ ቢሆን ኖሮ...

ይመኙሻል፦ በእኛ ቢሆን ምን?

ደምሰው፦ በእናንተማ ማን ይጽፋል። ስብሰባችሁን አይቼዋለሁ እኮ፣ አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሜ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ሰው ልጅ ሰርግና ስለ ሰው በሽታ ታወራላችሁ። ውሳኔ ሲባል "እንዳላችሁ፣ እንዳላችሁ" ብላችሁ ትበተናላችሁ፤ ከዚያ እያንዳንድሽ በየቤትሽ የገዛ ውሳኔሽን ታሳልፊያለሽ። ተዋበችን ምን አደረጋችኋት? ንገሪኝ እስቲ።

ይመኙሻል፦ ተዋበችን አሁን ምን አመጣት?

ደምሰው፦ እኔ አመጣኋት። አንድ ቀን "ተሰርዘሻል" ያላት አለ? የለም። ትመጣለች፣ አራት ጊዜ ትስሟታላችሁ፣ "ደህና ነሽ ወይ፣ ልጆቹስ" ትሏታላችሁ። ቁጭ ስትል ጨዋታው ይደርቃል። ሽንኩርት ልክተፍ ትላለች፣ ተከትፏል። ውሃ ልቅዳ ትላለች፣ ተቀድቷል። በስድስተኛው ወሯ ቤቷን አከራይታ ጫጫ ከተማ ገባች። ምን እንዳጠፋች ዛሬም አታውቅም።

ይመኙሻል፦ ታውቃለች።

ደምሰው፦ ማን ነገራት?

ይመኙሻል፦ ማንም።

ደምሰው፦ ይኸው። የእናንተ ፍርድ ይኼ ነው። ከሳሽ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ሁላችሁም ገራፊ። እኛ ፊት ለፊት ነን። እንነሳለን፣ እንጯጯሃለን፣ ጠረጴዛ እንደበድባለን። ወጥተን ጠላችንን አብረን እንጠጣለን። አለቀ።

ይመኙሻል፦ በተዋበች ነገር አልከራከርህም። ጥፋት ነው፣ የኔም እጅ አለበት። ለፍልሰታ ጫጫ ወርጄ እግሯ ላይ ወድቄ መጥቻለሁ። ያንን ማንም አላጨበጨበልኝም፣ ቃለ ጉባኤም አልተያዘበት። አሁን አንተ አለቀ ያልከውን ልጠይቅህ። በጥቅምቱ ስብሰባ ከአንዳርጌ ጋር ጠረጴዛውን ደበደባችሁ። ጠላውን መቼ ጠጣችሁ?

ደምሰው፦ እሱማ ነውረኛ ነው።

ይመኙሻል፦ መቼ ጠጣችሁ ነው የምልህ።

ደምሰው፦ አልጠጣንም።

ይመኙሻል፦ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። አራት ወር። ፊት ለፊት ያልከው ይኼንን ነው?

ደምሰው፦ በሠላሳ አምስት ሰው ፊት ምን እንዳለኝ ብታውቂ እንዲህ አትይም።

ይመኙሻል፦ አውቃለሁ።

ደምሰው፦ ከየት አባትሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ሴት አልነበረችም።

ይመኙሻል፦ ስብሰባው ሳይበተን ደርሶኛል። "ደምሰው ምሰሶና ሰው አይለይም፣ ሁሉንም በመዶሻ ነው የሚያናግረው፣ ዳኝነቱን ለሌላ ይልቀቅ" አለህ።

ደምሰው፦ ሳቁ፣ እታለም። የሳቁትን አላልሽም። ከአርባ ዓመት በላይ በትከሻዬ ድንኳን ተሸክሜ ሙታናቸውን በክብር የሸኘሁላቸው ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጸሐፊው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ይመኙሻል፦ ከዚያ ቁጭ ብለህ ሦስት ቀብር እስኪቀር ቆጠርክለት።

ደምሰው፦ እኔ አልቆጠርኩም። መዝገቡ ነው የቆጠረው።

ይመኙሻል፦ "የአንዳርጌን መቅረት ለብቻው በቀይ ጻፍልኝ" ብለህ ለጸሐፊው የነገርከውስ? የጸሐፊው ሚስት ከእኛ ጋር ዳቦ እንደምትደፋ ረስተኸዋል።

ደምሰው፦ ወሬ። ወሬ ነው እንጀራችሁ።

ይመኙሻል፦ ወሬ ነው። በወሬ ነው ሰው የምናውቀው። አንተ በምን ታውቃለህ? ከአንዳርጌ ጋር ስንት ዓመት በየቅዳሜው በቆርኪ ዳማ ተጫወታችሁ?

ደምሰው፦ ሃያ። ከዚያም ይበልጣል።

ይመኙሻል፦ ሃያ ዓመት ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ። እናቱን ምን ነበር ያመማቸው?

ደምሰው፦ እርጅና ነዋ። የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ምን ያመዋል?

ይመኙሻል፦ ግራ ጎናቸው በድን ሆኖ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ካልጋ አልወረዱም። አንዳርጌ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እቤቱ ሴት የለችም፣ እህት የለው፣ ሴት ልጅ የለው። ያገላበጣቸው እሱ ነው። ያጠባቸው እሱ ነው። አንሶላውንም ያጠበው እሱ ነው። በጓሮ በኩል ነበር የሚያሰጣው፣ በፊት ለፊት ቢያሰጣው እናንተ ስታልፉ ታያላችሁ ብሎ። ሦስቱን ቀብር የቀረው በዚያ ነው።

ደምሰው፦ ታዲያ አፍ የለውም? በደንቡ ላይ በግልጽ አለ እኮ፣ አስታማሚ ይታለፋል። አንዲት ቃል ብትወጣው ማን ይነካው ነበር?

ይመኙሻል፦ እጁን አውጥቶ "የቀረሁት እናቴን ሳጥብ ነው" ይበላችሁ? እንደዚያ ሆዳችሁን ይዛችሁ ስትስቁ አይቶ? አንተ ብትሆን ትለው ነበር?

ደምሰው፦ እኔ ሌላ ነኝ።

ይመኙሻል፦ ምንህ ነው ሌላ?

ደምሰው፦ ቆይ፣ ቆይ። አንሶላውን አይታችሁታል ማለት ነው።

ይመኙሻል፦ አይተናል።

ደምሰው፦ ታውቁ ነበር። አርባ ሴት። እኛ እጅ ስናወጣ ታውቁ ነበር። አንዷ ብቅ ብላ "ተዉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው" ብትል ስብሰባው እዚያው ላይ ይፈርስ ነበር። ዝም ብላችሁ ስናጠፋ ተመለከታችሁ። አሁን ደግሞ ነጠላ አዘቅዝቀሽ መጥተሽ ጨካኙ እኔ ነኝ?

ይመኙሻል፦ ስንዱ ነግራሃለች።

ደምሰው፦ ስንዱ? የኔዋ ስንዱ?

ይመኙሻል፦ ስንት ስንዱ አለችህ? የአስተርዮ ማግስት፣ ምሳ ስታቀርብልህ፣ እሱን ከሰረዛችሁበት ስብሰባ በፊት። "ያ ሰውዬ እናቱን እያስታመመ ነው፣ ተዉት" አለችህ። ምን ብለህ መለስክላት?

ደምሰው፦ እኔ የምሳ ወሬ አላስታውስም።

ይመኙሻል፦ "የሴት ወሬ እድሬ ውስጥ አታስገቢብኝ" አልካት። እሷ ታስታውሳለች። የበላኸውንም ታስታውሳለች።

ደምሰው፦ ለመሆኑ ስንዱ የት ናት?

ይመኙሻል፦ ለቅሶ ቤት። ከንጋት ጀምሮ።

ደምሰው፦ ገበያ ነው የምሄደው ያለችኝ።

ይመኙሻል፦ ገበያም ሄዳለች። ለለቅሶው ምስር ገዝታ ነው የመጣችው።

ደምሰው፦ መክራችሁ ጨርሳችኋላ። ዳኛውን ከነደንቡ ጥላችሁ በጓዳ ፈርዳችኋል።

ይመኙሻል፦ ማን መከረ? ማንም ማንንም አልጠራም። እኔ ስደርስ ስንዱ ደርሳለች። ስንዱ ስትደርስ የጸሐፊው ሚስት እሳት አቀጣጥላ ድስት ጥዳለች። "ልሂድ ወይ" ብላ የጠየቀች የለችም።

ደምሰው፦ እሱማ ለቅሶ ይጠፋችኋል? እንባችሁ ሳይደርቅ የሟችን መጋረጃና የሟችን ምንጣፍ ለመተቸት።

ይመኙሻል፦ እናንተ ደግሞ ሬሳው ሳይወጣ ካርታ ለማውጣት።

ደምሰው፦ ካርታው ሐዘንተኛውን ለማጫወት ነው።

ይመኙሻል፦ ታዲያ ና አጫውተዋ።

ደምሰው፦ አንቺ ነሽ ደግሞ ለእማማ አፀደ ጠበቃ የምትቆሚው? እስቲ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። በአባታችን ተዝካር "ወጡ ቀጥኗል" ስላሉሽ ስንት ዓመት አኮረፍሻቸው?

ይመኙሻል፦ አራት። ደግሞም ቀጥኖ ነበር።

ደምሰው፦ አራት ዓመት። ለወጥ። እኔ በሠላሳ አምስት ሰው ፊት ተዋርጄ በአራት ወር ይቅር ካላልክ ትይኛለሽ፣ አንቺ ለወጥ አራት ዓመት። እቤትሽ በር ላይ ሲያልፉ መስኮት ትዘጊ ነበር።

ይመኙሻል፦ እዘጋ ነበር።

ደምሰው፦ ታዲያ በምን አፍሽ?

ይመኙሻል፦ በዚሁ አፌ። አራት ዓመት አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ግን እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው ያየናል ብለን እንሳሳም ነበር። ዝም ብለን፣ ጉንጭ ለጉንጭ። ሲከሱ በጉንጬ ነው ያወቅኩት። መጀመሪያ አጥንቱ መጣ። ቀጥሎ ትኩሳቱ። ከልጃቸው በፊት እኔ ነኝ ያወቅኩት፣ እኚህ ሴትዮ እንደማይከርሙ።

ደምሰው፦ አውቀሽስ? ሲተኙ ሄደሽ ጠየቅሻቸው?

ይመኙሻል፦ ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ደምሰው፦ ይኸው።

ይመኙሻል፦ ይኸው። ዛሬ ጠዋት የገነዝኳቸው እኔ ነኝ። እግራቸውን እያጠብኩ ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ሁለቴ አልኳቸው። ሴቱ ሁሉ ሰምቶኛል። ያልመለሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ወደ አንተ መጣሁ። አንዳርጌ ገና አፉ ይናገራል፣ ደምሰው። ብትጠይቀው ይመልስልሃል።

ደምሰው፦ እኔ ልጠይቀው? ተሳዳቢው እሱ፣ ጠያቂው እኔ? እሱ ይምጣ። ሰው ፊት እንደሰደበኝ ሰው ፊት ይቅርታ ይበለኝ። ያኔ ድንኳኑን ራሴ ተሸክሜ ወርጄ እተክልለታለሁ።

ይመኙሻል፦ እናቱ እቤት ተገንዘው ተጋድመዋል እኮ፣ አንተ ልጅ።

ደምሰው፦ "አንተ ልጅ" አትበይኝ። ስድሳ ሊሞላኝ ነው።

ይመኙሻል፦ እናታችን የሞተች ዕለት ስንት ሞልቶህ ነበር?

ደምሰው፦ እሱን አታምጪ።

ይመኙሻል፦ አሥራ ስድስት። አዝመራ ነበር፣ ወንዱ ሁሉ ማሳ ላይ ውሎ እድሩ ሰው አነሰው። ሦስት ሽማግሌዎች ድንኳኑን ይዘው መጥተው መሃል ምሰሶውን የሚይዝ ጠፋ።

ደምሰው፦ አታምጪ አልኩሽ።

ይመኙሻል፦ አንተን ከሬሳው አጠገብ አስነስተው አስያዙህ። አፍንጫህ እየተዝረከረከ ነበር፣ በእጅህ እንዳትጠርግ እጅህ ተይዟል። እማማ አፀደ ያንን ሲያዩ ጮኹ። ሮጠው ሄደው አንዳርጌን ከክፍል አስወጥተው አመጡት። ደብተሩን መሬት ጥሎ ገመዱን ሳበልህ። "ያዝ ደምሴ፣ ይዤልሃለሁ" ይልህ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰፈር ድንኳን ሲተከል አንተ ምሰሶ፣ እሱ ገመድ ነው። ዳኛ የሆንክ ዓመት መጀመሪያ ያስጻፍከው ደንብ ምን ነበር?

ደምሰው፦ ታውቂዋለሽ።

ይመኙሻል፦ ከአፍህ ልስማው።

ደምሰው፦ ሐዘንተኛ የድንኳን ዕቃ አይነካም። አንቀጽ አንድ።

ይመኙሻል፦ እንኳን አልረሳኸው።

ደምሰው፦ ከዚያም ከዚህም አምጥተሽ አስለቅሺኝ፣ ቁልፉ ከእጄ አይወጣም። ይኸው፣ ሁለቱም። በስሜት አይሆንም። ደንብ የሚሻረው በጉባኤ ነው፤ ጉባኤ የሚጠራው በሦስት ቀን ማስታወቂያ ነው።

ይመኙሻል፦ ያዘው። ማን ነካህ? ሞቀህ እንደሆነ ወደ ግራ እጅህ አዙረው።

ደምሰው፦ ታሾፊያለሽ። ቆይ ከሰዓት ለቀስተኛው ከየገጠሩ ሲጎርፍ አይሻለሁ። በዚህ ነፋስ የት ልታስቀምጡት ነው?

ይመኙሻል፦ ድንኳን ውስጥ።

ደምሰው፦ የማን ድንኳን?

ይመኙሻል፦ የእድሩ።

ደምሰው፦ ቁልፉ እኔ እጅ ላይ ነው እያልኩሽ?

ይመኙሻል፦ ባንተ በኩል ሁለት ጓጉንቸር አለ። በእኛ በኩል፣ ድስቶቻችን ካሉበት ክፍል ወደ እናንተ ክፍል ያለው ግድግዳ ምንድን ነው?

ደምሰው፦ ቆርቆሮ።

ይመኙሻል፦ በስድስት ሚስማር የተያዘ ቆርቆሮ። አምስቱን ስንዱ በዘነዘና ነቀለቻቸው። ስድስተኛውን የጸሐፊው ሚስት ለኔ ተዉልኝ አለች።

ደምሰው፦ ይኼ የእድር ንብረት መዝረፍ ነው። ጉባኤ እጠራለሁ።

ይመኙሻል፦ ጥራ። ተከሳሿን በስሟ ጻፍ፣ የዳኛው ሚስት ብለህ።

ደምሰው፦ ማን ተከለው? ከወንዶቹ ማን ማን ነበሩ? ስማቸውን ንገሪኝ።

ይመኙሻል፦ ወንዶቹማ ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቁ ጥግ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደርድረዋል። ከማለዳ ጀምሮ። አንዱ ቢሻገር ሠላሳው ይሻገራል። ግን ዓይናቸው በሙሉ ያንተ ቤት መታጠፊያ ላይ ነው፣ ዳኛው ይመጣ እንደሆነ። እጅ ማውጣት ለምደው እግር ማንሳት ጠፋባቸው።

ደምሰው፦ ታዲያ ድንኳን ሴት ተከለ?

ይመኙሻል፦ ሴት ተከለ። መሃል ምሰሶው ብቻ ትንሽ አዘምሟል።

ደምሰው፦ ወዴት ነው ያዘመመው?

ይመኙሻል፦ ወደ መንገዱ።

ደምሰው፦ ነፋሱ ከኋላው እየገፋው? ገመዱን ከምን ጋር አሰራችሁት?

ይመኙሻል፦ ከአጥሩ።

ደምሰው፦ የአንዳርጌ አጥር በስብሷል እኮ። እሱ አጥር ጥጃ እንኳ አይዝም። ካስማ አልመታችሁም?

ይመኙሻል፦ መዶሻ ፈለግን፣ አጣን።

ደምሰው፦ መዶሻው እኔ ጋ ነው፣ አልጋዬ ሥር። ካስማ ሳይመታ፣ በዚህ ነፋስ፣ እንዴት ነው እስካሁን የቆመው?

ይመኙሻል፦ ሰው ይዞት ነው የቆመው።

ደምሰው፦ ማን ነው የያዘው? ስንዱ ናት?

ይመኙሻል፦ ስንዱ ይዛ ነበር፣ እኔም ተቀብያት ነበር። "ለእናንተ ይከብዳል፣ ልቀቁ" ብሎ ነጠቀን። ከሬሳው አጠገብ ተነስቶ መጥቶ።

ደምሰው፦ ማን?

ይመኙሻል፦ ሐዘንተኛው።

ደምሰው፦ እንቺ፣ ቁልፎቹን ያዥልኝ። መዶሻውን ላውጣ።